ማሰሮው ይቆይ

ይህ ደብዳቤ የመጣልኝ ከደሴ ነው። ጸሐፊዋ «ስሜ አይውጣ» ብላለች፤ አይወጣም። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ። ቃሉ ግን የራሷ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? ዓምድዎን ከድሮም አነባለሁ፤ አንድ ቀን ለራሴ ጉዳይ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ታናሽ ወንድሜ አምና ኅዳር ላይ አረፈ። 25 ዓመቱ ነበር። ከ11 ዓመቱ ጀምሮ ስኳር ነበረበት፤ ያ ያለ መርፌ የማይሆነው፣ ዓይነት አንድ የሚሉት። ኮምቦልቻ ቤት ተከራይቶ ሞባይል ይጠግን ነበር። ኮምቦልቻ ይሞቃል፣ ፍሪጅ ደግሞ አልነበረውም። ስለዚህ እማዬ የሸክላ ማሰሮ አዘጋጀችለት። ትልቁ ውስጥ ትንሹን አስቀምጣ መሃሉን በእርጥብ አሸዋ ሞላችው። ኢንሱሊኑን ትንሹ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ዕቃውን ጠቅልለን ወደ ደሴ ስናመጣ ማሰሮውም አብሮ መጣ። ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፣ እማዬ ጠዋት ጠዋት አሸዋው ላይ ውሃ ታፈስበታለች። ውስጡ ምንም የለም። ዘመዶቻችን ‹ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ይህን ነገር ከፊቷ አንሺው፣ ልታብድብሽ ነው› ይሉኛል። ላንሳው?

«ሌላው፣ እማዬ የበሽታው ስም እንዲነሳ አትፈልግም። ድሮም ሚስት ያጣብኛል ብላ ደብቃ ነው ያሳደገችው። አሁን ደግሞ ‹ስኳር በዘራቸው አለ› እንዳይባል ለእኔ ትፈራለች። ለቅሶ ላይ ሰው ‹ምን ሆኖ ነው?› ሲለን ‹ድንገት ነው› አልን። የሚያውቁት ጥቂቶች ደግሞ ‹ከስቃዩ ተገላገለ› ይሉናል። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ለሙት ዓመቱ የአጎቴ ልጅ ፎቶውን በባነር አሠርቶ እኔ ስለ እሱ እንድናገር ይፈልጋል። ምን ብዬ ልናገር?

«የመጨረሻውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው አሞት ወደ ደሴ መጣ። ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል። የበላው ምግብ ነው ብለን አጥሚት ሠራንለት፣ አልቀመሰም። ማታ ላይ ‹ምንም ሳልበላ ከወጋሁ ስኳሬ ይወርዳል፣ ዛሬ ይለፈኝ› አለኝ። እኔም ‹አዎ ይለፍህ፣ ስትበላ ትወጋለህ› አልኩት። በማግስቱም እንደዚያው። ሁለተኛው ሌሊት ላይ አተነፋፈሱ ተለወጠ። ሐኪም ቤት ስናደርሰው ስሙን ስንጠራው አይሰማም ነበር። ተረኛው ‹መርፌውን ለምን አቆማችሁ?› አለን። ይኸው እስከ ዛሬ ‹ይለፍህ› ያልኩት እኔ ነኝ እያልኩ ሳልተኛ አድራለሁ። እኔ ነኝ የገደልኩት?»

ደብዳቤው እዚህ ላይ አበቃ። ከፊርማው በታች ግን፣ በሌላ እስክርቢቶ፣ ሁለት መስመር ጨምራለች።

«በ2014ቱ ጦርነት ደብረ ብርሃን ተሰደን ሳለን፣ የነበረችውን አንዲት ብልቃጥ ኢንሱሊን ከአንዲት የ9 ዓመት ልጅ ጋር ተካፍሎ ነበር። ልጅቱ አሁን ኮምቦልቻ ናት፤ እናቷ እስከ ዛሬ ትደውልልናለች።»

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የወንድምሽንም ነፍስ ይማር።

ከማሰሮው ልጀምር፣ መልሱ ቅርብ ስለሆነ። አታንሺው። ሌላም ሰው አያንሳው።

የእኔም ታናሽ ወንድም በወጣትነቱ ነው የሞተው። የልብ ሕመምተኛ ነበር። አንድ ቡናማ ጃኬት ነበረው፤ ክርኑ ያለቀ፣ ኪሱ የኪኒን ማሸጊያ የማይጠፋው። ሰልስቱ በወጣ ማግስት አንዲት ዘመዳችን፣ ለእኔ አዝና፣ ጃኬቱን አጥባ ለተቸገረ ሰው ሰጠችው። አልጠየቀችኝም። ይኸው 19 ዓመት ሆነ። ዛሬም ሰኞ ገበያ ስወጣ ቡናማ ጃኬት የለበሰ ሰው ካየሁ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ክርኑ ላይ ነው። ዘመዳችን ክፉ አልሠራችም። ግን ጃኬቱን የምሰጥበትን ቀን ከእኔ ወሰደችብኝ። አንቺም የእናትሽን ቀን አትውሰጂባት።

ደግሞ እስቲ ያንን ማሰሮ ከእናትሽ በኩል ሆነሽ እዪው። መድኃኒቱን ሐኪም ነው ያዘዘው። መርፌውን እሱ ነው የሚወጋው። ስኳሩን የሚለካው እሱ፣ ምን እንደሚበላ የሚወስነው እሱ። ልጅ እያለ እሷ ትወጋው ነበር ብለሻል፤ አደገና መርፌውን ከእጇ ተቀበላት። ከዚያ በኋላ ለልጇ ሕይወት በገዛ እጇ ልትሠራለት የቻለችው ነገር ቢኖር ያ ማሰሮ ነው። አሠራሩንም አስቢው፤ ከአሸዋው የሚተነው ውሃ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል፣ የውስጡ ማሰሮ ይቀዘቅዛል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ መብራት ጠፋ አልጠፋ አያስጨንቀውም። የሚፈልገው ውሃውን የማይረሳ ሰው ብቻ ነው። ደሴ ላይ ደግሞ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፣ ብርዱ ራሱ ይበቃል። እናትሽ ይህን አጥታው አይደለም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ፣ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ሙቀት ውስጥ ለሚኖር ልጇ የሠራችው ዕቃ ነው፣ እና እጇ ገና ከልጇ ጋር ነው ያለው።

ይህ እብደት አይደለም። ምግብ ካቆመች፣ እንቅልፍ ጨርሶ ከራቃት፣ ቤተ ክርስቲያንም ጎረቤትም መሄድ ከተወች፣ ወይም «እኔም ልከተለው» ማለት ካበዛች፣ ያኔ ወደ ሐኪም ውሰጃት፣ የአእምሮ ሐኪምም ቢሆን አትፍሪ። ጠዋት ተነስታ አንድ ጣሳ ውሃ አፍስሳ ወደ ሥራዋ የምትሄድ እናት ግን እያዘነች ነው። አንድ ጠዋት አጠገቧ ቁሚና «እማዬ ዛሬ እኔ ላድርግ?» በያት። ምን እንደምትልሽ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ሌሊቱ እንምጣ።

«አይ የእኔ እህት፣ ቀኑ ደርሶ ነው፣ አንቺ ምንም አላደረግሽም» ልልሽ እችላለሁ። ብዙ ሰው ይልሽ ይሆናል። ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ብቻሽን ስትሆኚ አታምኚኝም። ስለዚህ ያለውን ነው የምነግርሽ።

መርፌውን ማቆሙ ስሕተት ነበር። ዓይነት አንድ ስኳር ያለበት ሰው ሰውነቱ ኢንሱሊን አይሠራም። ከውጭ የሚገባው ሲቋረጥ፣ ቢበላም ባይበላም፣ ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ሥራ ላይ አይውልም። ያን ጊዜ ሰውነት የራሱን ስብ ማቃጠል ይጀምራል፤ ከዚያ የሚወጣው ኬቶን የሚባል ነገር ይጠራቀምና ደሙን አሲድ ያደርገዋል። ጉንፋንም ይሁን ሌላ ሕመም ሲጨመርበት ደግሞ የሚያስፈልገው ኢንሱሊን ብዙ ጊዜ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ጉበት ሰው ባይበላም ስኳር ወደ ደም ይለቃል። «አልበላሁም፣ ስለዚህ አልወጋም» የሚለው ሐሳብ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ልክ ግን አይደለም።

እና ልብ ብለሽ ስሚኝ። ማስመለሱና የሆድ ቁርጠቱ ራሱ የዚህ ነገር ምልክት ነው። ምግብ ነው ያላችሁት ምግብ ላይሆን ይችላል። ገና ከኮምቦልቻ ሳይነሳ ጀምሮት ሊሆን ይችላል፤ ምናልባት ብልቃጡ ሙቀት መትቶት፣ ምናልባት ሌላ ሕመም አስነስቶት። ይህን ዛሬ ማንም አይነግርሽም፣ እኔም አልነግርሽም። የማውቀው አንቺ ያየሽው የታመመ ሆድ መሆኑን ነው። ብዙ ሰው፣ የተማረውም ጭምር፣ ይህን ሲያይ ታይፎይድ ወይም ጨጓራ ነው የሚለው።

«ይለፈኝ» ያለሽ ደግሞ ማን ነው? 14 ዓመት ከሕመሙ ጋር የኖረ ሰው ነው። ካንቺ በላይ የሚያውቅ ሰው ነው። ለምን እንዲያ እንዳለም ደብዳቤሽ ውስጥ አለ፤ እኔ ያሳጠርኩት ቦታ ላይ። 16 ዓመቱ ሳለ አንድ ሌሊት ስኳሩ ወርዶ በላብ ተነክሮ ሲንቀጠቀጥ፣ እናትሽ ስኳር በውሃ በጥብጣ ስታጠጣው፣ አንቺ ፋኖስ ይዘሽ ቆመሽ። ያን ሌሊት ያየ ቤተሰብ የስኳር መውረድን እንደ እሳት ይፈራል። መፍራቱም ልክ ነው፣ ስኳር መውረድ ይገድላል። የተማራችሁት ፍርሃት እውነተኛ ነበር። ሁለተኛውን ፍርሃት፣ የስኳር መውጣትን፣ በሕመም ቀን መርፌ የማቆምን፣ ያስተማራችሁ ሰው ግን አልነበረም። ይህ በየክትትሉ ለታማሚውም አብሮት ለሚኖረውም ተደጋግሞ መነገር የነበረበት ነገር ነው። ሳይነገርሽ የቀረውን ነገር ባለማወቅሽ ራስሽን ገዳይ አትበይ። አንቺ ያልሽው «ይለፍህ» ነው። አንድ እህት በምታውቀው ልክ ለሚታመም ወንድሟ የተናገረችው የርኅራኄ ቃል ነበር። ስሕተት ነበር፣ ርኅራኄም ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም።

ተረኛው የጠየቀው ጥያቄ ለሥራው ያስፈልገዋል። አጠያየቁ ግን የሰው ልብ የሚሰብር ነበር፤ በዚያ ሰዓት በር ላይ ለቆመ ቤተሰብ እንደዚያ አይባልም። «ገደላችሁት» ግን አላለም። ያንን የጨመርሽበት አንቺ ነሽ።

እዚህ ላይ ሌሎቻችሁም አንብቡ፣ ቤታችሁ ይህ ሕመም ያለበት ልጅ ካለ። ሲታመም፣ ባይበላም እንኳ፣ ኢንሱሊኑን በራሳችሁ አታቋርጡ። መጠኑን ለሚከታተለው ሐኪም ደውላችሁ ጠይቁ። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ለኩ። ውሃ አጠጡት። ማስመለሱ ካልቆመ፣ በረጅሙና በፍጥነት መተንፈስ ከጀመረ፣ ትንፋሹ የበሰበሰ ፍራፍሬ የሚመስል ሽታ ካመጣ፣ ወይም ከደነዘዘ፣ ይንጋ አትበሉ። ውሰዱት። በር ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ የምትናገሩት «ያስመልሰዋል» አይሁን። «ስኳር አለበት፣ ኢንሱሊን ይወጋል» በሉ፣ ኬቶንም ይታይልን በሉ። እህቴ፣ ይህን አንቀጽ እኔ የጻፍኩት ቢመስልም የጻፈችው ያንቺ ደብዳቤ ናት።

አሁን የምቆጣሽ ነገር አለ፣ በፍቅር ነው።

ደብዳቤሽን ቆጠርኩት። ሁለቱን ቀን ሦስት ገጽ ተኩል ጽፈሽበታል። በስንት ሰዓት እንዳስመለሰው፣ ምን ለብሶ እንደነበር፣ ታክሲው የት ጋ እንደቆመ፣ ሁሉንም። የቀረውን 25 ዓመት ገጽ አልሞላሽለትም። እዚህም እዚያም ጣል ያደረግሻቸውን ለቅሜ ላሳይሽ። አንድ፣ ደፍራሹን ብልቃጥ ከመቅዳቱ በፊት በሁለት መዳፉ መሃል ቀስ አድርጎ ያንከባልለው ነበር፤ ልጅ ሳለሽ ብርድ ነው ወይ ጸሎት ነው ትይ ነበር። አልነበረም፤ ያ ኢንሱሊን ከሥር ስለሚዘቅጥ እኩል ሳይደባለቅ ከተቀዳ መጠኑ ይዛባል፣ በኃይል ከተናጠም አረፋ ይሠራል። ሥራ ነበር፣ በየቀኑ የሚሠራ ጥንቁቅ ሥራ። ሁለት፣ ሞባይል ሲጠግን እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ካቻቢቴውን አስቀምጦ፣ ለደንበኛው «ሁለት ደቂቃ» ብሎ፣ ከመሳቢያው ከረሜላ አውጥቶ ይበላ ነበር። ደንበኛው ምንም ሳያውቅ ይሄዳል። ሦስት፣ መስከረም 21 ግሸን ማርያም ሲወጣ አንድ ኪሱ ዳቦ ቆሎ፣ አንድ ኪሱ ከረሜላ፣ ደረቱ ላይ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ መድኃኒት ይዞ ነበር። ዳገቱን ከጓደኞቹ እኩል ይወጣል። «አንድ ዓመት ብቻ ነው የቀረበት» ብለሻል።

ቀን ሁለት ጊዜ፣ 14 ዓመት። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ከ10,000 መርፌ በላይ ነው። ያቋረጠው ሁለት ቀን ነው።

እነዚያን 14 ዓመታት ቀላል አድርገሽ አትያቸው። ኢንሱሊን ሳይገኝ በፊት ይህ ሕመም የያዘው ልጅ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ነበር ዕድሜው፤ እሱም በረሃብ አመጋገብ እየከሳ። በእኛ አቆጣጠር ጥር 1914 ላይ፣ ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ፣ ሊሞት የደረሰ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በታሪክ የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ ተወጋ። ሌናርድ ቶምፕሰን ይባላል። የመጀመሪያው መርፌ በቅጡ አልሠራለትም፣ መድኃኒቱ ገና አልተጣራም ነበር። ከ12 ቀን በኋላ የተጣራውን ሲወጉት ስኳሩ ወረደለት። ከዚያ 13 ዓመት ኖረ፣ 26 ዓመቱ ላይ በሳንባ ምች ሞተ። ዓለም ያን ልጅ «ተገላገለ» ብሎ አያስታውሰውም። የተጨመረለትን 13 ዓመት ነው የሚያስታውሰው። ያንቺ ወንድም 14 ዓመት ኖረበት፤ በአንድ ዓመት በለጠው። እሱም ቶሮንቶ ሆኖ አይደለም፣ ኮምቦልቻ ላይ፣ ያለ ፍሪጅ፣ በእናቱ ማሰሮ።

«ተገላገለ» የሚሉሽ ሰዎች ላይ ደምሽ መፍላቱ ገብቶኛል። ግን ክፋት አይመስለኝም። እነሱ ያወቁት ስቃዩን ብቻ ነው፣ ሌላውን ማን አሳያቸው? ጎረቤቱ ደግሞ መልከ መልካም፣ ተጫዋች፣ ሞባይል ጠጋኝ ልጅ ነው የሚያውቀው፤ ያ ልጅ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ምን ሠርቶ እንደሚወጣ አያውቅም። የደበቃችሁት በሽታውን ብቻ መሰላችሁ። ጉብዝናውንም አብራችሁ ነው የደበቃችሁት።

ይህን ለእናትሽ በዚህ ቃል አትናገሪያት። እሷ የደበቀችው ከፍቅር ነው፣ ፍርሃቷም ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሰው ያወራል። ግን ሙት ዓመቱ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ሳታውቅ ማይክ ይዘሽ «ወንድሜ ስኳር ነበረበት» ብትዪ ልጇን ሁለተኛ እንደቀበረችው ይቆጠራል። ቀኑ ሳይደርስ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አፍሊላት። አቦሉን ዝም ብላችሁ ጠጡት። ቶናው ላይ ስለ ብልቃጧ አንሺ። ስለ በሽታው አይደለም፣ ስለ ብልቃጧ። «እማዬ፣ ያኔ ደብረ ብርሃን ለዚያች ልጅ ሲያካፍላት ምን አልሺው?» በያት። እሷ እዚያ ነበረች። ምን እንዳለች አንቺም የምታውቂ አይመስለኝም።

ስለ ብልቃጧ ልንገርሽ፣ ሁለት መስመር አይበቃትም። ጥቅምት 2014 ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሰው የቻለውን ይዞ ወደ ደብረ ብርሃን ጎረፈ። የጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ መድኃኒት ጠፋ። ያን ጊዜ ቀጣዩ ብልቃጥ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር ነው፣ ውስጡ 1,000 ዩኒት አለ፤ ኢንሱሊን የሚለካው በዩኒት ነው። ወንድምሽ በቀን 40 ዩኒት ይወስድ ነበር ብለሻል፤ ብቻውን ቢጠቀምባት 25 ቀን ታቆየዋለች። የ9 ዓመቷ ልጅ በቀን 20 ከወሰደች ግን በ16ኛው ቀን ለሁለቱም ልታልቅ ትደርሳለች። በየራሳቸው መርፌ እየቀዱ፣ ከገዛ ዕድሜው ላይ ስምንት ቀን ቆርሶ ሰጣት ማለት ነው። ከጠፋ መድኃኒት ላይ። 22 ዓመቱ ነበር። ይህን የሚያህል ነገር በግርጌ አይጻፍም፣ እህቴ።

ስለዚህ ምን ልናገር ላልሽኝ፣ ይህን ተናገሪ። ንግግር አታድርጊው። የወንድምሽን ደግነትና ጨዋነት በጅምላ የሚዘረዝር ወረቀት አታንብቢ፤ ደግ ያልተባለ ሟች የለም። ሰው በልቶ ሲያበቃ፣ የቅሬው፣ የዕድሩ ማለቴ ነው፣ ሰዎች ገና ሳይነሱ፣ ቁጭ ብለሽ ብልቃጧን ብቻ ንገሪያቸው። እናንተ ሰፈር ቅሬው የእስላሙም የክርስቲያኑም ነው፤ ለእስላሞቹ ለብቻ ታርዶ ለብቻ ተሠርቶ ይቀርባል፣ ከዚያ ሁሉም አንድ ድንኳን ሥር ነው። እዚያ ድንኳን ውስጥ ልጁን በድብቅ መርፌ የሚወጋ አባት አይጠፋም ብዬ አስባለሁ። እሱ ይስማ። የባነሩ ነገር እንደፈለጋችሁ፤ እኔን ከጠየቅሽኝ ሱቁ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ የተነሳት ፎቶ ከስቱዲዮዋ ትሻላለች።

እናትሽ «አይሆንም» ካለችስ? ያን ቀን ተዪው። እሷ ናት ያረገዘችው። ነገር ግን «ለአንቺ ነው የምፈራው» ካለችሽ፣ ስኳር በመንካት እንደማይተላለፍ፣ ዓይነት አንድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ታማሚ በሌለበት ቤት ድንገት እንደሚመጣ ንገሪያት። ይህን ሰምቶ የሚሸሽ ባል ካለ ይሽሽ። ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላም ቢሆን ልጇ ለሚታመምባት ጎረቤት «መርፌውን እንዳታቆሚ» ለማለት ከማንም ፈቃድ አትጠይቂም።

ማሰሮውን ለዚያች ልጅ ስጡ እንድል የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። አልልም። እኔ ያሰብኩት የእኔ ምኞት ነው፣ ማሰሮው የእናትሽ ነው። ግን ልጅቱንና እናቷን ጥሯቸው። 13 ዓመቷ ነው አሁን። ከኮምቦልቻ ደሴ ሩቅ አይደለም፣ ጠዋት ተነስተው ለምሳ ይደርሳሉ። ዛሬውኑ ደውዪላቸው። ስትደውዪ ምግቡ በስንት ሰዓት እንደሚቀርብ በትክክል ንገሪያት፣ ድንኳን ውስጥ ደግሞ ምግብ እንደሚዘገይ ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ የእሷ ሳህን ቀድሞ ይውጣ፤ መርፌዋን የምትወጋው በዚያ ሰዓት ልክ ነውና።